የሠላሳ ስምንት ቀን ልጅ

ባሕር ዳር፣ ማክሰኞ ጥቅምት 11

ዛሬ በሃይማኖት ጥያቄና መልስ ግሩፓችን አንዲት ሴት «ልጄ በሠላሳ ስምንት ቀኑ ሳይጠመቅ ሞተ፤ አሁን የት ነው ያለው?» ብላ ጠየቀች። ልትፈታተነን የመጣች ተከራካሪ መሰለችኝ። ጥያቄዋን አጥፍቼ ብሎክ አደረግኋት። «መናፍቅ» ብሎ የሰደባትን የኛን ሰው ግን አልነካሁትም።

አብሮኝ ግሩፑን የሚመራው ሙሉቀን፣ «ጎበዝ፣ ወጥመዷን በጣጠስህባት» አለኝ።

ከሰዓት ሐይቁ ዳር ተቀምጬ ገጿን ከፈትሁት። ያለው አንድ ፎቶ ብቻ ነው፤ ለክርስትና የተዘጋጀ ነጭ ልብስ፣ ከነማተቡ እንደታጠፈ።

ብሎኩን አንሥቼ «እኅቴ፣ ይቅርታ፤ ተመልሰሽ ጠይቂ» ብዬ ጻፍሁላት። አይታዋለች። አልመለሰችም።

ጥያቄው እኔ ላይ ቀረ። እራት ላይ መሪጌታ የሆኑትን አባቴን ልጠይቃቸው ብዬ ተውሁት። እሳቸውም እንደ እኔ ጠርጥረው «ማን ልኮህ ነው?» ቢሉኝስ?