ተቆጣጣሪው ሲመጣ

መጋቢት ፱። የጉድጓዳችን ውሃ ዛሬም ሸተተ።

ልጄ፣ በሄድክበት ክፉ አይንካህ፤ በሰው አገር ደግ ሰው ይስጥህ። እኛ ደህና ነን፤ የእህትህን ልጅ ብቻ ተቅማጥ ጥሏታል። የጤና ተቆጣጣሪ ተብዬው ከመምጣቱ በፊት ለጎረቤታችን ምግብ ቤት ይደውላል። ባለቤቱም ጓሮውን በውሃ ጎማ አጥቦ እጣቢውን ወደ ጉድጓዳችን ይለቀዋል። የምንታመመው እሱ ሲመጣ ነው!

ተቆጣጣሪውን «ውሃችንን እየው» ስለው፣ «እማማ፣ ጓሮው እኮ መስታወት ነው» አለኝ፣ ጥርሱን እየጎረጎረ።

«እንግዲያው ቅመሰው።»

«እኔ የታሸገ ነው የምጠጣው።»

ይኸው አሁንም በአጥሩ በኩል ሲያላምጥ ይታየኛል። የታሸገው አልቆ ኖሮ «ኧረ ውሃ!» እያለ ይጣራል። አደራህን፣ አንተ አፍልተህ ጠጣ። እግዜር ይጠብቅህ፤ ከጉድጓዱ አንድ ጆግ ሞልቼ ልወስድለት ወጣሁ።