እማዬ ልታሳይህ ያሰበችው ከተማ

ለምወድህ ወንድሜ ለፎልከር፦

እንደምን ሰንብተሃል? ያ የወገብህ ሕመም ተሻለህ ወይስ አሁንም ጎንበስ ባልክ ቁጥር ይይዝሃል? ባለቤትህ ጂሊያንስ ደህና ናት? ታምሲን ፈተናዋን ጨረሰች? እናንተ ዘንድ ኒውዚላንድ አሁን ብርዱ የሚከርርበት ጊዜ ስለሆነ ደረታችሁን ሸፍኑ፣ ቤታችሁንም አሙቁ እያልኩ ከዚህ ሁሉ ርቀት እለምናችኋለሁ። እኔና ባለቤቴ ኤካርት ከሕመም ነጻ ነን። ደህና ነን ብዬ ልጽፍልህ ግን አልቻልኩም። እማዬን ከቀበርናት ሦስት ሳምንት ሞላን፣ እኔ ግን አሁንም ዳቦ ስገዛ ሻጩን ለእሷ ጥርስ እንዲመች ስስ አድርገህ ቁረጥልኝ እላለሁ። ትናንትም እንዲሁ ብዬ፣ ቤት ገብቼ ስስ ስሱን ዳቦ ሳይ ወጥ ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ባለፈው በስልክ "ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?" ብለህ ስትጠይቀኝ ዘጋሁብህ። ይቅር በለኝ። መልሱ በስልክ የሚነገር ስላልሆነ ነው ወረቀት ያነሳሁት። ረዘም ይላል፤ ታግሠህ እስከ መጨረሻው አንብብልኝ።

ነገሩ የሚጀምረው ባለፈው ገና ነው። "በጁን ከታምሲን ጋር እንመጣለን" ብለህ የጻፍክላት ጊዜ እማዬ እንደ ልጃገረድ ሆነች። በማግስቱ መሀል ከተማ ሮመር አደባባይ ድረስ ወርዳ ለጎብኚ የሚታደለውን የከተማ ካርታ ይዛ መጣች። የአገሩ ሰው መሆኗን ካወቁ እንዳይከለክሏት ብላ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ ነው አሉ የጠየቀችው። ካርታ የምታድለው ልጅ መልሳ በፍራንክፈርት ዘዬ "ይኸውልዎት እማማ" ስትላት በሳቅ ፈነዳሁ ብላ ነገረችኝ። ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ መነጽሯን አድርጋ ካርታው ላይ በቀይ እርሳስ ታሰምራለች፣ ትሰርዛለች፣ መልሳ ታሰምራለች። "የልጅ ልጄን ደሞዘተኛ አስጎብኚ አያዞርብኝም" ትል ነበር።

እንደምታውቀው እኛ እዚህ የተወለድነው እንግዳ የሚጎበኘውን አንጎበኝም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ገበያ አዳራሹ ውስጥ ቆማ ለከተማችን ምግብ ለአረንጓዴው ስጎ የሚሆኑትን ሰባቱን ቅጠሎች ስትሸጥ የኖረች ሴት፣ ከአናቷ በላይ የበቀሉትን ፎቆች አንድ ቀን እንኳ ወጥታ አላየቻቸውም ነበር።

በኤፕሪል ሐኪሟ ጠራኝ። የልቧ ቫልቭ ጠቧል፣ በዚህ ዕድሜዋ ቀዶ ጥገናውን አትችለውም፣ እንዳትደክም ጠብቋት አለኝ። ያን ዕለት ቤት እንደገባን እማዬ ክንዴን ያዘችና "ለፎልከር ትንፍሽ እንዳትዪ" አለችኝ። ለምን ስላት "ይመጣል የለ? ሊጠይቀኝ ሳይሆን ሊዝናና ይምጣልኝ። የታመመች እናት አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ሰዓቱን ሲያይ ማየት አልፈልግም" አለች። እሺ አልኳት።

ሜይ ሲገባ ያንተ መልእክት ደረሰ። አዲሱ ሥራ አልለቅ ብሎሃል፣ ለሚቀጥለው ዓመት ተላልፏል። ሁለት ጊዜ አነበበችው። "ሥራ ነው፤ ምን ያድርግ" ብላ ካርታውን አጣጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። በዚያ ሳምንት ምግብ እንኳ እንደ ነገሩ ነበር የምትቀምሰው። ከዚያ አንድ ረቡዕ ጠዋት ልጠይቃት ስሄድ ያን ሰማያዊ ካፖርቷን ለብሳ፣ ከንፈሯን ቀለም ተቀብታ በር ላይ ጠበቀችኝ።

"ጉድሩን፣ ዛሬ አንቺ ፎልከር ነሽ" አለችኝ።

ምን ማለቷ እንደሆነ ግራ ገባኝ። "ሲመጣ እንዳልደናገር ልለማመድብሽ ነው። ዛሬ ማለዳ ከአውሮፕላን ወርደሃል፣ ደክሞሃል፣ ግን እናትህ አታስቀምጥህም። በል ና!" አለችና ቀድማኝ ደረጃውን ወረደች። ሐኪሙ ያለውን አስታወስኳት። "ሐኪሙ ለጉድሩን ነው የነገራት። አንተ ምንም አታውቅም" ብላ ዘጋችኝ።

ትራም ውስጥ "አንተ" እያለች በመስኮት ስታሳየኝ ሰዉ ዞር ዞር እያለ ያየናል። ስልሳ ዓመት የሞላኝ፣ ቀሚስ የለበስኩ ሴትዮ፣ "እየው እንግዲህ፣ አንተ ስትሄድ ይህ ሁሉ አልነበረም" ስባል እሺ እማዬ እያልኩ ራሴን እነቀንቃለሁ። መጀመሪያ የወሰደችኝ ገበያ አዳራሽ ነው። ያ አይብ ሻጩ ቤርቶልድ፣ ከእሷ መደብ አጠገብ የነበረው፣ ትዝ ይልህ እንደሆነ አላውቅም፤ አሁን ፀጉሩ አልቋል፤ ምላሱ ግን እንዳለ ነው። "ቤርቶልድ፣ ልጄ ከኒውዚላንድ መጣልኝ" አለችው። እኔን ከላይ እስከ ታች አየኝና "ወይዘሮ ሂልትሩድ፣ አገሩ ተስማምቶታል፤ ጡት እንኳ አብቅሏል" አለ። እማዬ በመሐረቧ እየመታችው ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ያን ያህል ስትስቅ ካየኋት ቆይቷል።

ከዚያ ሰማይ ጠቀሱ ፎቅ። አሳንሰሩ ሲወነጨፍ ጆሮዋን በሁለት እጇ ያዘች። ላይ ስንወጣ ነፋሱ ካፖርቷን እያርገበገበው የመመልከቻውን አጥር ይዛ ቆመች። ወንዙ፣ ድልድዮቹ፣ ባቡር ጣቢያው፣ በሩቅ እየተከታተሉ የሚያርፉት አውሮፕላኖች፣ ሁሉም ከእግራችን በታች። ሰፈራችንን ቦርንሃይምን ፈልጋ አገኘች፣ የቤታችንን ጣሪያ ግን አጣችው። "ይህ ሁሉ ከተማ ሲቆም እኔ ቅጠል እያሰርኩ ነበር" አለች። አንድ ባልና ሚስት ጎብኚዎች ፎቶ አንሺን ብለው ስልካቸውን ሲሰጧት "ይቅርታ፣ ዛሬ ልጄን ይዤ ነው፤ ጊዜ የለኝም" አለቻቸው። ስንወርድ ግን ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኖ ነበር። ያኔ ወደ ቤት ልመልሳት ይገባኝ ነበር። አልመለስኳትም። ደስ ብሏት ስለነበር ጨከንኩ ወይም ራራሁ፤ የቱ እንደሆነ እስካሁን አላወቅሁትም።

በታክሲ ወደ አዲሱ "አሮጌ ከተማ" ሄድን። አንተ አላየኸውም። በጦርነቱ የተቃጠለውን ሰፈር እንደ ጥንቱ መልሰው ሠርተውታል፤ የእንጨት ቤቶቹ፣ ወርቅ የተቀቡት ምስሎች፣ ጠባብ መተላለፊያዎቹ፣ ሁሉም። እንግዳ በገፍ ይጎርፍበታል። አንድ አስጎብኚ ጃንጥላውን ከፍ አድርጎ ይዞ ስለ አሮጌው ከተማ ታሪክ ሲያስረዳ እማዬ በሰዎቹ መሀል ተሽሎክልካ ገባችና "ወንድሜ፣ እኔ ከዚህ አሮጌ ከተማ በሰባ ስምንት ዓመት እበልጠዋለሁ!" አለችው። ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ አስጎብኚውም ሳቀና "ታዲያ እርስዎን ነው ልናስጎበኝ የሚገባን እማማ" አላት። ካሜራ አነሱባት። እሷ ግን በዚያው ቅጽበት ፊቷ ተለወጠ። ወደ አንዱ መተላለፊያ እያየች "እዚህ ጋ ነበርን። ቤቱን መልሰውታል" አለች። ከዚያ እጄን ይዛ ወደ ሮመር አደባባይ ወሰደችኝና ሚዛን የያዘችው ሴት ሐውልት ያለችበት ምንጭ ደረጃ ላይ ተቀመጠች።

ፎልከር፣ እናታችን ወንድም እንደነበራት ታውቅ ነበር? እኔ እስከዚያች ቀን ድረስ አላውቅም ነበር።

ኤርቪን ይባላል። ሁለት ዓመት ተኩሉ ነበር። በ1944 በማርች ከተማው በቦምብ የተቃጠለ ዕለት ሁሉም ምድር ቤት ተደብቀው ነበር። እሳቱ ከላይ ሲመጣ የቤቶቹን ምድር ቤቶች የሚያገናኘውን ግድግዳ እየሰበሩ ሰዉ በጨለማ ከአንዱ ወደ ሌላው መሹለክ ጀመረ፤ መውጫው እዚሁ ምንጩ አጠገብ ነበር። አያታችን ከኋላ ሻንጣ ተሸክማ "የወንድምሽን እጅ እንዳትለቂ" ብላ አራት ዓመት የሆናትን እማዬን ከፊት አስቀደመቻት። ሰው ይገፋል፣ ጭስ ነው፣ ልጁ ያለቅሳል። መውጫው ላይ አንድ ሰውዬ ከላይ ጎንበስ ብሎ "ሁለቱንም እጅሽን ስጪኝ!" አላት። ሰጠችው። ሁለቱንም።

እሷ ወጣች። አያታችንንም ኋላ ሰው ጎትቶ አወጣት። ኤርቪንን ያየው የለም።

"እናቴ እስክትሞት ድረስ እጅሽን ለምን ለቀቅሽው ብላ ጠይቃኝ አታውቅም። ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር" አለችኝ። እኔ እንባዬ እየወረደ "እማዬ፣ የአራት ዓመት ልጅ እኮ ነበርሽ" አልኳት። "ይሄው፤ ሁሉም ይህንኑ እንደሚለኝ ስለማውቅ ነው ለማንም ያልተናገርኩት" አለች።

ፎልከር ሆይ፣ አሁን የምጽፍልህን ቀስ ብለህ አንብብ። በ1991 አንተን አውሮፕላን ማረፊያ የሸኘን ዕለት እጅህን ስትዘረጋላት እሷ ሁለቱንም እጆቿን ካፖርቷ ኪስ ውስጥ እንደከተተች ስንት ጊዜ ነግረኸኛል? "እናቴ ለመሰናበቻ እንኳ እጇን አልሰጠችኝም" እያልክ ሠላሳ ሦስት ዓመት ተቀይመሃል። እኔም ልብዋ ደረቅ ነው እያልኩ አብሬህ አምቻታለሁ። ያን ዕለት ምንጩ ዳር ተቀምጣ ያለችኝ ይህን ነው፤ ቃል በቃል ነው የምጽፍልህ፦ "እጅህን ከያዝኩት መልቀቅ ሊኖርብኝ ነው። አንድ ጊዜ ለቅቄ አይቼዋለሁ። ሁለተኛ አልችልም ነበር፣ ልጄ።"

ልጄ ያለችው ለእኔ አልነበረም። እያየች የነበረው እኔን ነው፣ የምታናግረው ግን አንተን ነበር።

ትንሽ ቆይታ አፍንጫዋን ጠረገችና "ፎቁም፣ ገበያውም ማሟሟቂያ ነው። እዚህ አምጥቼ ይህን ልነግረው ነበር ያሰብኩት። በደንብ አልኩት?" ብላ ጠየቀችኝ። በደንብ ብለሽዋል አልኳት። "ሲመጣ ኤርቪን ላይ ስደርስ እንዳላለቅስ ብቻ መለማመድ አለብኝ" አለች። ከዚያ ወንዙን ተሻግረን የፖም ወይን እንጠጣ፣ እንቁላልና አረንጓዴውን ስጎ እንብላ ብላ ነበር። ሌላ ቀን ይሁን አልኳት። ተስማማች። መንገድ ላይ ታክሲው ውስጥ ትከሻዬ ላይ አንቀላፋች።

ልቧ ደክሞ ሆስፒታል ገባች፤ ከምንጩ በተመለስን በዘጠነኛው ቀን፣ አርብ ጠዋት፣ እዚያው አረፈች። አልተሠቃየችም። ነርሷ መጋረጃውን ስትከፍት እማዬ "ዛሬ ከላይ ሆኖ ማየት ነው፤ ጥርት ብሏል" አለቻት አሉ፤ የመጨረሻ ንግግሯ እሱ ነው።

አሁን ጥያቄህን ልመልስ። ለምን አልነገርኩህም? አትንገሪ ብላኛለች፤ እሱ እውነት ነው። ግን ስልሳ ዓመት የሞላው ሰው እናቴ ከልክላኝ ነው ቢል ማን ያምነዋል? እውነቱ ሌላ ነው። ልፈትንህ ፈልጌ ነበር። ታማለች ብዬ ስጠራህ እንደምትመጣ አውቃለሁ፤ ሳልጠራህ ትመጣ እንደሆነ ማየት ፈለግሁ። እሷን ሐኪም ቤት የማመላልስ እኔ፣ መስኮቷን የምወለውል እኔ፣ በካርታ ላይ የሚሰመርለት ግን አንተ። ቀናሁ። ቂሜን ከአንተ ጋር ልወጣ ብዬ የእሷን ቀን በላሁባት። ከምንጩ የተመለስን ዕለት እንኳ ስልክ አንስቼ "ነገ ተሳፈር" ብልህ ኖሮ በሕይወት ትደርስባት ነበር። ዘጠኝ ቀን ነበረህ። አልደወልኩም። ብትቆጣኝ አልከራከርህም፤ ዝም ብትለኝ ግን አልችለውም።

አንድ የምጠይቅህ ጉዳይ አለ። አፈሩ እስኪረጋ ተጠብቆ የመቃብሯ ድንጋይ የሚቆመው በመጪው ጸደይ ነው። ጠራቢው ምን ይጻፍበት ብሎኛል። እኔ ከእሷ ስም በታች የኤርቪን ስም እንዲጻፍ እፈልጋለሁ፤ ያ ልጅ የትም መቃብር የለውም። ኤካርት፣ ሰማንያ ዓመት የደበቀችውን እንዴት አደባባይ ታወጪባታለሽ ይላል። እሱም እውነት አለው። ያንተን ቃል ሳልሰማ አልወስንም። ብትችል በጽሑፍ ሳይሆን ራስህ መጥተህ ንገረኝ። እኔ ከተማ ማስጎብኘት አላውቅበትም፤ መቃብሩ ጋ አብሬህ መቆም ግን እችላለሁ።

ጂሊያንን ስለላከችው አበባ አመስግንልኝ፤ ነጩ እስከ ሳምንቱ ድረስ ሳይጠወልግ ቆይቷል። ኤካርት ሰላም ብሎሃል፤ ቤርቶልድም ገበያ ሲያገኘኝ ባርኔጣውን አውልቆ "ለእውነተኛው ፎልከር ሰላምታዬን አድርሺልኝ" ብሏል። ታምሲንን ሁለቱን ጉንጯን ሳምልኝ። ይህን ደብዳቤም አንብብላት፤ ጀርመንኛው ከከበዳት ቁጭ ብለህ ተርጉምላት። እኔ እናቴን ያወቅኋት ስልሳ ዓመት ሞልቶኝ ነው። አንተ ለልጅህ ያን ያህል አትቆይ።

እህትህ ጉድሩን
ፍራንክፈርት፣ ቦርንሃይም
ጁላይ 5 ቀን 2024