ውሃ የከለከልኩት ልጅ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4
የተደፈነ የፍሳሽ ቱቦ ስከፍት ዋልኩ። ፀጉር፣ ሳሙና፣ አንድ የጥርስ ብሩሽ... የቤቱ ባለቤት አፍንጫዋን ይዛ ቆመች። እኔ ለምጄዋለሁ።
ቤት ስገባ ልጄ ድንቡሼ እየዳኸ መጥቶ መፍቻዬን አፉ ከተተ። ገና ዓመቱ ነው፣ ያገኘውን ሁሉ ይቀምሳል። እናቱ "ኧረ ንጠቀው" አለች። "ተይው፣ ሙያ እየለመደ ነው" አልኳት። ሳቀች።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6
የድንቡሼ ሆድ ተበላሸ። ውሃ ውሃ ነው የሚያስቀምጠው። ትኩሳትም አለው።

ዓርብ፣ ኅዳር 7
እናቱ ሥራ ገባች፣ እኔ ቀረሁ። የጠጣው ሁሉ ወዲያው ይወጣል። ቧንቧ ሲያፈስ መጀመሪያ ምን ይደረጋል? ዋናው ይዘጋል። ዘጋሁ። ለልጁ ውሃም ወተትም የለም።
ከሰዓት በኋላ ቆመለት። እናቱ ስትደውል "ተሻለው፣ ተኝቷል" አልኳት። ኮራሁ እንዲያውም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8
ትናንት አመሻሽ እናቱ ገብታ ዳይፐሩን ነካች። ደረቅ። ዓይኑ ጎድጉዷል። ሲያለቅስ ድምፅ ብቻ፣ እንባ የለም። ይዘነው ሮጥን።
ጤና ጣቢያ ነርሷ የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀች። እንደተሸበሸበ ቀረ። "ውሃ ይጠጣል?" እናቱ ወደ እኔ ዞረች።
"ከልክዬው ነው... ተቅማጡ እንዲቆም።"
"ወንድሜ፣ የቆመው የሚወጣ ነገር አልቆበት ነው" አለች ነርሷ፣ ረጋ ብላ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። አስተኝተው ግሉኮስ ሰቀሉለት።
አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚሉት እኔን ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 9
የሰገራው ምርመራ መጣ። ባክቴሪያ። ዶክተሯ "ሥራህ ምንድን ነው?" አለችኝ። ነገርኳት። እጆቼን አየች። እኔም አየኋቸው። መፍቻው ይሆን? "በእርግጠኝነት አይታወቅም" አለች። እኔ ግን...
ባለቤቴ አታናግረኝም። "ማንኪያውን አቀብለኝ" ብቻ። ነርሷ የሰጠችንን የኦአርኤስ ውሃ ጠብ ጠብ እናደርግለታለን። ገና አልሸናም።
ይሞትብኝ ይሆን? ፈራሁ። ጻፍኩት እንግዲህ።

ሰኞ፣ ኅዳር 10
ጠዋት ቤት ደርሼ ወለሉን ሁሉ አጠብኩ። የመሣሪያ ሳጥኑና የሥራ ልብሴ ደጅ ወጡ፣ ሁለተኛ አይገቡም። እጄን እስከ ክርኔ ፈትጌ ወደ ጤና ጣቢያው ተመለስኩ።
"እስቲ ያዘው፣ ወገቤን አመመኝ" አለች እናቱ። ታቅፌው በማንኪያ ሳጠጣው ጭኔን ሞቀኝ። ዳይፐሩን አልፎ፣ ሱሪዬን አልፎ አግዳሚው ላይ ፈሰሰ።
"ሸና" አልኳት። ደገምኩት።
መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። እዚያው እርጥቡ ላይ።