መጋረጃና መጥረጊያ

ውድ ጌሼ፣

ስቱትጋርት የመጣሁት ልጄን ኤኖን ይዤው ልመለስ እንደነበር ታውቂያለሽ። «ጎረቤቱ ሁሉ እስካሁን እንደ እንግዳ ነው የሚያየኝ» እያለ በስልክ ልቤን ሲያደርቀው ከረመ። ትናንት እንደገባሁ ባዶ መስኮቱን ማየት አስጠላኝና መጋረጃ ሰቀልኩለት።

ዛሬ ጠዋት የበሩ እጀታ ላይ ትንሽ የእንጨት ሰሌዳ ተንጠልጥሎ አገኘን። የዚህ ሳምንት ደረጃ ጠራጊ ኤኖ ነው ማለት ነው። እኛ ጋ ቆሻሻ ያየ ሰው ይጠርጋል፤ እዚህ ግን ቆሸሸም አልቆሸሸም ተራ ተራ ነው።

«ደረጃው ንጹሕ እኮ ነው» አላቸው ኤኖ፣ ከላይኛው ፎቅ ሲወርዱ ያገኛቸውን ወይዘሮ ሾይፈሌን።

«ንጹሕማ ነው፤ የጠረግሁት እኔ ነኛ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዘለላችሁኝ?»

«ዛሬ ነገ እሄዳለሁ ስትል አልነበር? እኛ እንግዳ አናስጠርግም። ትናንት ግን መጋረጃ አየሁ።» ጥቂት ወርደው ዞር አሉና፣ «ጥጉን እንዳትረሳ። ከአንተ በፊት የነበረው ረስቶት ስንት ዓመት ሲወራበት ኖረ» አሉት።

ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ እያፏጨ ጥጉን ሁለት ጊዜ ጠረገው።

የፖስት ካርዱ ቦታ እያለቀብኝ ነው። ባልሽን ሰላም በይልኝ፤ ድመቴንም አሳ አታጥግቢያት። ለኤኖ ያስያዝኩሽን ክፍል ለሌላ ሰው አከራዪው። መጋረጃውን የሰቀልኩት እኔው ነኝ፤ ማንን እወቅሳለሁ።

ቪብከ