እህታቸው ያልሞተችበት ፊልም

ውድ ቺዙኮ፣

ከማንጋችን፣ ከዚያ በሥዕል ከምንተርከው መጽሐፋችን፣ የተሠራውን ፊልም ለሕዝብ ሳይወጣ እዚህ ኦሳካ አሳዩን። ሊጀመር ሲል ዳይሬክተሩ ወደ አለቃችን ጠጋ ብሎ፣ «እትዬ ሞሪናጋ፣ አይቆጡኝና ትንሿን እህት አልገደልናትም» አላቸው። ክው አልኩ። እትዬ ታሪኩን የሳሉት በሕፃንነቷ ለሞተችው እህታቸው መሆኑን ታውቂያለሽ። አዳራሹ ሥዕሎቹን ለአሳታሚው በምናስረክብበት ዕለት የሥራ ክፍላችንን ይመስል ነበር፤ የሚተነፍስ የለም። እትዬ ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ፤ አሁን ጥለው ይወጣሉ እያልኩ ተሳቀቅሁ። መጨረሻው ላይ ልጅቷ አድጋ፣ ፀጉሯ ሸብቶ፣ ስትስቅ ታየች። መብራት ሲበራ የዳይሬክተሩ ፊት አመድ መስሏል።

«እስቲ እንደገና ክፈተው» አሉት እትዬ። «ሸብታ አይቻት አላውቅም።»

ይኸው እንደገና ሊጀመር ነው። ፖስትካርዱ ሞላብኝ፤ እናትሽን ሳሚልኝ።

ያንቺዋ ሪዮኮ