በየቤቱ የተዋጣው የካምቢዮ ዘይት

ለተከበሩ አቶ አብዱልሰመድ፣ ከአርዲቦ ሐይቅ በላይ ላለው ሰፈራችን ቅሬ (እድር) ዳኛ

ግልባጭ፦ ይህን ወረቀት በኑርዬ ወፍጮ ቤት በር ላይ ተለጥፎ ለሚያነብ ሁሉ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ካለፈው ዓርብ ወዲህ የደም ግፊትዎ ወርዶ፣ ቁርስዎን በልተው ከደጃፍዎ ፀሐይ መሞቅ መጀመርዎን ሰምቼ ፈጣሪን አመስግኛለሁ። እኔ ዝናው ነኝ፤ የቅሬያችንን ሚኒባስ አራት ዓመት በነፃ የነዳሁ፣ በሽተኛውን ደሴ፣ አስከሬኑን ወደ ቀዬው ያመላለስኩ ሰው። ከአንድ ወር በፊት ከቅሬው ስላባረሩኝ ስሜን ዘንግተውት እንዳይሆን ብዬ ነው ራሴን ማስተዋወቄ።

ጥፋቴን ከቃለ ጉባኤው ላይ አንብቤዋለሁ። ጸሐፊያችን በሚያምር የእጅ ጽሕፈት «በቅሬው መኪና ላይ በማሟረት» ብሎ አስፍሮታል። እውነት ነው፣ የካምቢዮው ዘይት ካልተለወጠ መኪናው ዳገት ላይ ይተወናል ብዬ በሦስት ስብሰባ ተናግሬአለሁ፤ መኪናውም እንዳልኩት ዳገት ላይ ተወን። ለወደፊቱ የሚያውቀውን በሆዱ ይዞ ዝም የሚል ሹፌር እንዲገጥምዎ ከልብ እመኛለሁ። እስከዚያው ግን በስብሰባው ላይ ያልሰሙልኝን ነገር በተራ ቁጥር አቅርቤ እንድገላገል ይፍቀዱልኝ።

፩. ስለ ጊዜው። እንደሚያስታውሱት መኪናችን አውቶማቲክ ነው። በሌላው መኪና የሹፌሩ እግርና እጅ የሚሠራውን ሥራ በእኛ መኪና የሚሠራው የካምቢዮው ዘይት ነው፤ ሲያረጅ ደግሞ ይቃጠላል። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ በሜዳ ለሚሄድ መኪና በየስድሳ ሺህ ኪሎ ሜትሩ፣ ሰው ጭኖ ዳገት ለሚወጣ ደግሞ በየአርባ ሺሁ ይለወጥ ይላል። የእኛው ከውጫሌ እስከ ደሴ ሲመላለስ፣ የአርዲቦንም ዳገት በየቀኑ ሲወጣ፣ በእኛ እጅ ብቻ ዘጠና ሺህ ሄዷል። መለኪያ ዘንጉን መዝዤ በነጭ ወረቀት ላይ ጠርጌ በጉባኤው ፊት አሳይቼዎት ነበር። አዲሱ ዘይት ቀይና ጥርት ያለ ነው፤ የእኛው አተላ መስሎ፣ የተቃጠለ ነገር ይሸት ነበር። እርስዎም ወረቀቱን ወደ አፍንጫዎ አስጠግተው አሸተቱ፣ አስነጠሱ፣ ከዚያም ጉዳዩ በአጀንዳ አልተያዘም ብለው ስብሰባውን ዘጉ። በሁለተኛው ስብሰባ ደግሞ መኪናውን የሸጠልን ሰው ይህ ዘይት ዕድሜ ልክ አይለወጥም እንዳለዎት ነገሩን። የማን ዕድሜ እንደሆነ ግን ማናችንም አልጠየቅነውም።

፪. ስለ አለዋወጡ። በሦስተኛው ስብሰባ ዘይቱ እንዲለወጥ ስለፈቀዱ እጅግ አድርጌ አመሰግናለሁ። «ሬሳ በጋራ እናነሳ የለም ወይ! ዘይት ምን ያቅተናል!» ሲሉ ያላጨበጨበ አልነበረም። ከዚያም ለለቅሶ ቤት እንጀራና እንጨት እንደምናዋጣው ሁሉ፣ እያንዳንዱ ቤት በእጁ ያለውን ዘይት እሑድ ጠዋት ይዞ እንዲመጣ አዘዙ። ማንም አልቀረም። ኑርዬ ከወፍጮው የተረፈውን አመጣ፤ ባድሩ የባጃጁን የሞተር ዘይት አመጣ፤ ሂዳያ ባሏ ለውኃ መሳቢያው ያስቀመጠውን አመጣች። እድላዊት ደግሞ ያልተከፈተ የምግብ ዘይት ይዛ መጣች፤ እሱን በዘዴ ከመኪናው ወንበር ሥር ደብቄ ማታ መልሼላታለሁ፤ ይህንንም በጥፋቴ ላይ ይመዝግቡልኝ። የቀረው ሁሉ በአንድ ጀሪካን ተቀላቀለ፣ በእንጨትም ተማሰለ። ዱዓውም ጸሎቱም ተደረገ፤ በሱ ቅሬታ የለኝም፣ ጉድለቱ የዘይቱ ነበር።

ይህ ካምቢዮ ዘንጉ ላይ ከተጻፈው ዓይነት በቀር ሌላ አይቀበልም ብዬ ብለምንዎ፣ «አንተ ደግሞ ሁሉን ነገር ታከብደዋለህ፤ ዘይት ዘይት ነው» አሉና ቁልፉን ከእጄ ወሰዱ። ሐይቅ ከተማ ያለው መካኒክ ሙሉአለም አሠራሩን በዝርዝር ነግሮኝ ነበር። መኪናው መጠነኛ መንገድ ሄዶ ዘይቱ ሲሞቅ ሜዳ ላይ ይቆማል፣ አሮጌው ይፈሳል፣ የካምቢዮው የታች ክዳን ወርዶ ይታጠባል፣ ማግኔቱ ላይ የተጣበቀው የብረት ብናኝ ይጠረጋል፣ ማጣሪያው ይለወጣል። የፈሰሰው ተለክቶ ያንኑ ያህል አዲስ ይገባል፤ ሞተሩ እንደተነሳ ማርሹ በየቦታው ቀስ እያለ ይዘዋወርና መጠኑ በዘንጉ ይታያል። በአንድ ጊዜ የሚወጣው ግማሽ ያህሉ ብቻ ስለሆነ፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ሥራው ይደገማል። የቅሬው ኮሚቴ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላደረገም። አሮጌው ሳይፈስ የተዋጣው በላዩ ላይ ተጨመረ፤ ሞልቶ ሲፈስም በረከት ነው ያለ ሰው ነበር።

ቁልፉን በመለሱልኝ በሦስተኛው ቀን ወይዘሮ ዑምኩልሱምን ከደሴ ሆስፒታል ይዤ ስመለስ፣ ዳገቱ ወገብ ላይ ሞተሩ ይጮሃል፣ ጎማው ግን አይዞርም። ቀዶ ጥገና ተደርጎላት አምስት ቀን ያልሞላት ሴት ጎኗን በእጇ ደግፋ ያንን ዳገት በእግሯ ወጣች። ከኋላዋ ፌስታሏን ይዤ ስከተል እንባዬ መጣ፤ ከንዴት ነው። ሌላው ሁሉ ቀርቶ ያን ቀን ይቅርታ የሚጠይቃት ሰው እንኳ አልተገኘም፤ የተገኘው እኔን የሚከስ ነው።

፫. ስለ እናቴ። እናቴን ወይዘሮ ጸዳለን ያውቋታል። አርባ ዓመት ሙሉ፣ የእስላም ይሁን የክርስቲያን፣ ለቅሶ ቤት ቀድማ ውኃ ተሸክማ የምትደርሰው እሷ ነበረች፤ ለእርስዎም አባት ደርሳለች። እኔ ከተባረርኩ ወዲህ ሞት የሚለፍፈው የቅሬው ጠሪ በደጃችን ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ባለፈው ሳምንት የጎረቤታችንን ሞት የሰማችው ከተቀበረ በኋላ ነው። ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው። ምሽት ምሽት «ልጄ፣ እኔንስ ማን ያነሳኛል?» ትለኛለች። በዘይቱ ልቀልድ እችላለሁ፣ በዚህ ግን አልቻልኩም።

የመኪናውን ቁልፍ አልጠይቅም። ካምቢዮው ካሁን በኋላ በዘይት የሚድን አይደለም። የምጠይቀው ቅሬዬን ነው። ሽማግሌ ይዤ መጥቼ «አውፍ በሉኝ» ብዬ ይቅርታ እንድለምን ማዘዝዎን ሰምቻለሁ፤ ለእናቴ ስል እላለሁ። ዘንጉ ላይ የተጻፈውን ስላነበብኩ፣ የተቃጠለው ስለሸተተኝ፣ የሸተተኝንም ስለተናገርኩ አውፍ በሉኝ።

ሦስት ጊዜ ተናግሮ ሦስት ጊዜ ያልተሰማው፣ ለአስተዳደርዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለሚቀጥለው መኪናዎም ፍሪሲዮን በእግር የሚረገጥበት፣ ማርሽ በእጅ የሚገባበት ካምቢዮ የሚመኝልዎ፣

የቀድሞ ሹፌርዎ ዝናው

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው ዓርብ ሲታመሙ መኪናው ቆሞ ስለነበር በድሮው ቃሬዛ እስከ አስፋልቱ እንዳወረዱዎት ያስታውሳሉ። ጋቢው ፊትዎን ስለሸፈነው ተሸካሚዎቹን አላዩዋቸው ይሆናል። «የኋላ ግራው፣ ቀስ በል፣ አታንገጫግጨኝ» ያሉት እኔን ነው። ቀስ ብያለሁ። የተባረረ ሰው የቅሬውን ቃሬዛ መንካት በደንቡ ስለተከለከለ ቅጣቱን እጠብቃለሁ። እናቴ ቀኗ ሲደርስ ቃሬዛዋን እኔ ከፊት እይዛለሁ፤ የኋላ ግራው ቦታ ክፍት ነው።