የወይዘሮ ፀሐይወርቅን ምስጢር ለሕዝብ ስላደረስንበት ሁኔታ

ለተከበሩ አቶ ፊሊጶስ፣
የተከታታይ ድራማችን ፕሮዲውሰር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ተመልካችዎ ቁጥር ዕለት ዕለት እየጨመረ፣ ቤተሰብዎም በሰላም ውሎ ያድር ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። እኔ የድራማው ጸሐፊ፣ የለቡው ኖላዊ ደምሰው ነኝ። በቢሮዎ በኩል ሳይሆን በአደባባይ መጻፌ ድፍረት መስሎ ከታየዎት ይቅርታ፤ ጥፋቱን የሠራነው በአደባባይ ስለሆነ ምስጋናውም እዚያው ቢቀርብ ብዬ ነው።

፩. በመጀመሪያ ስለ ምክርዎ አመሰግናለሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ ስክሪፕት በፌስታል ይዤ፣ በሚኒባስ ተጋፍቼ ብስራተ ገብርኤል ወዳለው ቢሮዎ ከተመላለስኩ በኋላ አንድ ቀን አስገብተው፣ «አጻጻፍህ ጥሩ ነው፤ እውነተኛ ሰው ግን የለበትም፤ ሰፈርህ ውስጥ ሰው የለም እንዴ?» አሉኝ።

፪. ሰው ነበረ። ጎረቤቴ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ልብስ ሰፊ ናቸው። አንድ ከሰዓት በኋላ ሱሪዬን እያሳጠሩልኝ ሳለ፣ ፉሪ የምትኖረው የእህታቸው ልጅ ለሊሴ በእርግጥ የራሳቸው ልጅ መሆኗን፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ወልደው በጠና ሲታመሙ መውለድ ላልቻለችው እህታቸው እንደሰጧት፣ ልጅቱም እስከ ዛሬ አክስቴ እያለች እንደምትጠራቸው ነገሩኝ። አደራህን አሉኝ። እሺ ብዬ ቤቴ ገባሁና በሩን ዘግቼ ጻፍኩት።

፫. የታመመች እናት ተመልካች ታሰለቻለች ብለው እናቲቱን ልጇን ጥላ ከወዳጇ ጋር የምትጠፋ ሴት ስላደረጉልኝ ውለታዎ አይረሳኝም። በእርግጥ እርስዎን ብቻ ማመስገን ፍትሐዊ አይሆንም። ስሟን ስለውጥ የስፌት መኪናዋን፣ የግራ እግሯን ማነከስ፣ ለልጅቱ በየልደቷ ቢጫ ቀሚስ መስፋቷን እንዳለ የተውኩት እኔ ነኝ፤ ቀሚሷን እርስዎ ወደዋት ነበርና። ለውጡንም «ይሻላል» ብዬ ፈርሜበታለሁ።

፬. ዘጠነኛው ክፍል በተላለፈ ማግስት ለሊሴ ከፉሪ መጣች። የኮንዶሚኒየማችን ግድግዳ ስስ ስለሆነ ሁሉንም ሰማሁ።

«አክስቴ፣ ቢጫ ቀሚስ የምትሰፋዋ ሴትዮ አንቺ ነሽ?»

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ የስፌት መኪናቸውን አቆሙ። ከዚያ፣ «ጥዬሽ አልሄድኩም፤ ታምሜ ነው» አሉ። ልጅቱ አላመነቻቸውም። ክቡር ሆይ፣ የእኛ ውሸት ከእሳቸው እውነት ይልቅ በደንብ ተጽፎ ነበር። እኔም ተነሥቼ በሩን አንኳኩቼ «ውሸቱ የእኔ ነው» ማለት ሲገባኝ፣ አሥረኛውን ክፍል ከፊቴ ዘርግቼ ተቀመጥኩ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቁጥር አልሰጠሁትም፤ በእርስዎ ላይ የማቀርበው ቅሬታ አይደለምና። በሳምንቱ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ ወንበር ሰጡኝ።

«እኔ የነገርኩህ ብቻዬን መሸከም ከብዶኝ ነው» አሉ። «አንተስ ምን ከብዶህ ነው ለሰው ሁሉ የነገርከው?»

ከዚያ ወጥቼ ፉሪ ሄጄ ሕመሙ እውነት እንደሆነ፣ ወዳጅ የተባለው ሰውዬ ግን በእርስዎ ቢሮ በእኛ ስብሰባ ላይ እንደተፈጠረ ለለሊሴ ነገርኳት። በሩ ላይ ቆማ እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ።

«እናቴ መሆኗን ከራሷ አፍ ነበር መስማት የነበረብኝ» አለችኝ። «እሱን ልትመልስልኝ ትችላለህ?»

አልችልም አልኳት፤ በሩን ዘጋች። ይኸው ሁለት ወር ሆነ፣ ወደ ለቡ ብቅ አላለችም። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ደንበኞቻቸው ስለ ድራማው እየጠየቁ ስላስቸገሯቸው በራቸውን ዘግተው ይሰፋሉ።

ስለዚህ ለሁለተኛው ምዕራፍ በክብር የላኩልኝን ውል፣ «ሌላ እውነተኛ ሰው ፈልግ» ከሚለው መልካም ማስታወሻዎ ጋር፣ ሳልፈርም መልሻለሁ።

ሕልሜን ስላሳኩልኝና ምን ያህል ሰው እንደሆንኩ ስላሳዩኝ፣ ከወገብ ዝቅ ብሎ እጅ ከመንሳት ጋር፣

ያሠለጠኑኝ ታዛዥዎ
ኖላዊ ደምሰው
ከለቡ

ማስታወሻ፦ ነገሩ ከተሰማ ወዲህ ለእኔው ክብር ተጨንቀው ስሜን ከድራማው ላይ «ላንሣልህ ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል። እባክዎ አያንሱት። ለሊሴ ከእናቷ ሌላ የምትጠላው ሰው ያስፈልጋታል፤ የእርስዎንም ስም አጠገቤ ጎላ አድርገው ቢያስጽፉት ለልጅቱ ትልቅ እርዳታ ነው።